የከሳው ፊደል

ዘመናዊ ማድረግ ማለት ከአንድ ነገር ላይ የሆነ ነገር ቀንሶ "አማረበት" ማለት ነው። ወንበሩ መደገፊያውን፣ ቀሚሱ እጅጌውን ያጣል፤ እናንተም አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ ታደንቃላችሁ። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ሌላ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ሲጎድል ግን አውቃለሁ። ዘግይቼም ቢሆን።

የእህቴ ልጅ ምህረት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚሁ ዲላ ማስታወቂያ ትሠራለች። አሁን ደግሞ የድሮ መጻሕፍትን ፊደል ለስልክ እንዲመች ታከሳለች፤ "ፎንት" ትለዋለች።

"አክስቴ፣ የድሮው ፊደል ጌጥ በዝቶበታል፤ ዓይን ያደክማል" አለችኝ።

"በዚያ ፊደል ስንቱ አንብቦ ንስሐ ገብቷል፤ ማን ደከመኝ አለ?"

አልሰማችኝም። የቆጮ መሸጫዬን ሰሌዳ ፍቃ በአዲሱ ፊደሏ ጻፈችልኝ። እውነቱን ልናገር፤ ያምራል። ምን እንደሚል ስለማውቅ ግን አላነበብኩትም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። የሳምንት ቆጮዬን ከጉድጓድ አውጥቼ በኮባ ጠቅልዬ ደርድሬያለሁ። በሩን ስከፍት ሴቶች ተሰልፈዋል። የፊተኛዋ ጥቅሏን አንስታ ግንባሬን ሳመችና "ጌታ ይባርክዎት!" ብላ ሄደች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። "ሂሳብስ?" ብል፣ ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ የመጣችው ሦስተኛዋ በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ።

"እማማ፣ ራስዎ ጽፈው!"

ቀና አልኩ። "ቆጮ ይሰጣል" ይላል።

ሸ ማለት እኮ ቆብ የደፋች ሰ ናት! ምህረት ቆቡን ጌጥ ነው ብላ አውልቃዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከሰሌዳ የወጣማ ጪጩ ደርሶ ይመለሳል።

ብደውልላት በባጃጅ በርራ መጣች። ብሩሽ ይዛ መሰላሉን ስትወጣ ከሰልፉ አንዷ፣ "አዬ! የእማማ ደግነት ለካ እስከ ሦስት ሰዓት ነው!" አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ሰባ ዓመት ያቆየሁት ስም ነው። ስስታም ከምባል ጉድጓዴ ባዶ ይቅር!

"ውረጂ" አልኳት።

"አክስቴ፣ ቆጮው ያልቃል እኮ!"

"ይለቅ። ይሰጣል ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ነይና ስጪ።"

እስከ መጨረሻዋ ጥቅል ሰጠች፤ እኔ ተቀምጬ ተመረቅሁ።

በሳምንቱ ሸ ቆቧን ደፍታ፣ እኔም ከእህቴ ተበድሬ ባመጣሁት ቆጮ ሥራ ጀመርን። ያቺው የጪጩ ሴት መጣች። ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እማማ፣ ልጅዎ ተሳስታለች። ሰ ላይ ትርፍ ሰረዝ ጭናባታለች፤ ሰው ሳያይብዎት ያስፍቋት።"