ያልረጋው መሬት ነባር ባለይዞታ

ጋሽ ዘነበ ትናንት ያዩትን ሕልም ሌላ ሰው ቢያወራው አላምንም ነበር፤ እሳቸው ግን እየማሉ ነው የሚያወሩት። ሕልሙን ያዩት በቀን፣ ለሰባተኛ ጊዜ መሬት ቢሮ ሄደው አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ነው። የተወለዱበት ቤት ነባር ይዞታ መሆኑ ካልተረጋገጠ ሊፈርስ ነው። ማስረጃቸው አባታቸው የተዉላቸው አንድ አሮጌ ካርታ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሮው ተቀብሎ መዝገብ ቤት አስገብቶታል። ኮፒ እንኳ አላስቀሩም፤ የዋህ ናቸዋ!

እና አሸለባቸው።

በሕልማቸው ዓለም ገና መፈጠሯ ነው። ውሃ የለም፣ ሣር የለም፤ መሬቱ ቀይ ሆኖ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ጨረቃ አፍንጫቸው ሥር ተደቅናለች። መሬት ቢሮው ግን ነበረ፤ ይኼ ምኑ ይገርማል! ሠራተኞቹ ፋይል ታቅፈው ውጭ ተሰልፈዋል፤ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት ጋሽ ዘነበ ናቸው። ቀኑም አጭር ነበር፤ ሥራ ገቡ ሲባል ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ወጡ ሲባል ትወጣለች።

«ጌታዬ፣ በሞቴ አንድ ጉዳይ ይስጡን» አለ ከፊት ያለው ሠራተኛ ላቡን እየጠረገ። «ከተቀጠርን አንድ ባለጉዳይ አልመጣም።»

«ነባር መሆኔ ይረጋገጥልኝ።»

«ከእርስዎ በላይ ነባር ከየት ይመጣል? ችግሩ መሬቱ ገና አልረጋም። ችካል ስንተክል ይቀልጥብናል።»

ይኼኔ ተራራ የሚያህል ድንጋይ ከሰማይ ዘጭ ብሎ ሰመጠ። ሠራተኛው ዞርም ብሎ አላየው።

«እሱ አዲስ ገቢ ነው» አለ።

ጋሽ ዘነበ ጉዳያቸውን ረስተው በመስኮቱ አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ከሚፈላው ነገር ሥር ምን ይሆን ያለው? ሣሩስ፣ ሰዉስ፣ የእሳቸውም ቤት ከዚህ ነው የሚወጣው? እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ደስ አላቸው።

«መቼ ነው የሚረጋው?»

«ሲዘንብ ነው ይላሉ። ዝናብ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ለመሆኑ ስምዎን ማን ልበል?»

«ዘነበ።»

የተሰለፉት ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ።

«መቼ?» አለ ሠራተኛው በሹክሹክታ።

«ምን መቼ? ስሜ ነው!»

«እስቲ ይድገሙት።»

«ዘነበ!»

አንድ ጠብታ እጃቸው ላይ ጠብ አለች። ከዚያ ዶፉ ወረደ። ቀዩ ነገር ጨሰ፣ ጠቆረ፣ ረጋ። ሠራተኛው ሮጦ ችካል ተከለ፤ ችካሉ ቆመ! ጋሽ ዘነበ እንባቸው መጣ። ማኅተሙ ተነሣ፣ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል፦

«ዘነበ! ኧረ ዘነበ!»

«አቤት! አለሁ!» ብለው ካግዳሚው ብድግ አሉ።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አዜብ ባልዲ ይዛ ከውስጥ ብቅ አለች።

«እርስዎን አይደለም አባቴ፣ ዝናቡን ነው። ጣሪያው እኮ ያፈሳል!»

ብብቷ ሥር የያዘችው ሰማያዊ ፋይል ውሃ ያንጠባጥባል። ጋሽ ዘነበ ዐወቁት። ተቀብለው ከፈቱት፤ የአባታቸው ካርታ ቀለሙ ፈስሶ ወሰኑም ማኅተሙም አንድ ላይ ተጨማልቋል።

«አይዞዎት፣ ሲደርቅ እናየዋለን» አለች አዜብ እስክሪብቶ እየፈለገች። «ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍም ታጥቧል። ስምዎን ማን ልበል?»

ጋሽ ዘነበ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ስማቸውን ለመናገር ፈሩ።