ሦስት ምስክር የቆመበት ሽሮ

ሰው ዓይኑ ሲደክም መነጽር ይገዛል። ጆሮው ሲደክም «ጮክ ብለህ ተናገር» ይላል። ጉልበቱ ሲደክም ከዘራ ይይዛል። ምላሱ ሲደክም ግን ወጥ ሠሪዋን ይከሳል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ከሳሹ እኔ ስለነበርኩ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያህል ዜና ስሠራ ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚሁ ካምፓላ። «ስሜት ያሳስታል፣ መረጃ ያስማማል» የሚል የግል ሃይማኖት አለኝ። ትእዛዛቱም ሦስት ብቻ ናቸው፦ ጠይቅ፤ በሦስት ምንጭ አረጋግጥ፤ ከተሳሳትክ እርማት አውጣ። ሦስተኛይቱን ብዙ ጊዜ አልተጠቀምኩባትም። ዘንድሮ ተጠቀምኩባት፤ ያውም ስለ ሽሮ።

ምሳዬን የምበላው ካባላጋላ ሰፈር፣ የሺ ዘንድ ነው። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ አለው። የሺ ሽሮ ስትሠራ ሰዓት የሚጠግን ሰው ትመስላለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ሰው ሳታናግር። ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጎረስኩ። ሙቀት አለ፣ ልስላሴ አለ፣ መልኩም አለ፤ ሽሮው ግን የለም። የረጠበ ካርቶን የቀመሰ ሰው ካለ እሱ ይረዳኛል። ደግሜ ጎረስኩ። ካርቶኑ በአቋሙ ጸና።

ያን እሑድ ጋባ ወርጄ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። እሱም ካርቶን። «ቪክቶሪያ ሐይቅም ደረጃው ወረደ» አልኩ። በማግስቱ መንገድ ላይ ሮሌክስ የሚሉትን እንቁላል በቂጣ አስጠቀለልኩ፤ እንቁላሉም ቂጣውም እንደ ጋዜጣ። «የዱቄት ነጋዴዎቹ ሥራ ነው» አልኩ። ሽሮ፣ ዓሣ፣ ቂጣ፤ ሦስቱን የሚያገናኛቸው ነገር ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የጀማሪ ሪፖርተር ሥራ ነበር። እኔ ግን ጀማሪ አይደለሁም። ስለዚህ አልጠየቅኩም።

ይልቅ ምስክር ፍለጋ ገባሁ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የተባለው ለእኔ ሙያ ነውና ላጣራ ተነሣሁ። ናኪቩቦ ገበያ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠውን ተካን «ሽሮዋ ጨው አንሶታል፣ አይደል?» አልኩት። «ልክ ነው ጋሼ» አለኝ። ፀጉር ሠሪዋን ሐናን «የሽሮዋ ጣዕም ጠፍቷል፣ አይደል?» አልኳት። «እኔም ታዝቤዋለሁ ጋሼ» አለች። ከጎኔ የሚቀመጠውን አስተርጓሚ ጠየቅኩት፤ እሱማ ከእኔ ቀድሞ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ምንጭ! ሥራው ተጠናቀቀ።

አራተኛም ነበረ። ሮናልድ የሚባል፣ ሰው የሚያመላልስ የቦዳ ሞተር ነጂ፣ ያገሩ ልጅ፣ የአራት ልጆች አባት፣ የየሺን ሽሮ በሁለት እንጀራ የሚያወራርድ ሰው ነው። እሱን ስጠይቀው፣ «ጋሼ» በእነሱ «ምዜ» ነውና፣ «ምዜ፣ ምግቡ ደህና ነው። ምናልባት አንተ ታመህ ይሆናል» አለኝ። በማቶኬ፣ በተቀቀለ ሙዝ ያደገ ሰው ስለ ሽሮ ምን ያውቃል ብዬ ቃሉን ከመዝገቤ ሰረዝኩት።

አንባቢዬ ጥፋቴን አይቶት ይሆናል። በእኛ ዘንድ ሽበት ያለው ሰው «አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከጥያቄው በፊት ተሰናድቶ ይጠብቃል። ይሉኝታ ነው። እኔ የሰበሰብኩት ሦስት ምስክር ሳይሆን ሦስት ጨዋ ሰው ነበር። ብቸኛው ምስክር ሮናልድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይሉኝታችንን ገና አልተማረም።

የሺ ወሬውን ሰማችና ጨው ጨመረች። እኔም «ገና ነው» አልኳት። ደግማ ጨመረች። ተካ በአንድ ምሳ አራት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ ጀመር፤ ስጠይቀው ግን «ልክ ነው ጋሼ፣ ገና ነው» ይለኛል፣ ብርጭቆውን እየዘረጋ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ተካ ግን ልጁን ሊድር ነው። ድግሱን ለየሺ ሊሰጣት ቃል ለመግባት አፋፍ ላይ ነበር። ለየሺ የመጀመሪያዋ ሠርግ ናት፤ ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚቀምስላት፣ ከስድስቱ ጠረጴዛ የምታወጣት ሠርግ። አንድ ቀን ተካ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ ካሉት በኋላ እንግዶቼን አላዋርድም፤ ሌላ ቤት አያለሁ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፦ ቃሌ ክብደት እንዳለው ሳይ ደስ አለኝ።

በማግስቱ የሺ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ፊቴ ቆመች። «ጋሼ፣ እኔ ስቀምሰው ጨው በዝቶበታል፤ እናንተ ስትቀምሱት ጨው የለውም። እኔ ሚዛኔ ምላሴ ነው። ምላሴ ከከዳኝ ምድጃውን ዘግቼ ሌላ ሥራ ልፈልግ። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱኝ፤ እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

ሜንጎ ኮረብታ ላይ ካለች አንዲት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ረጋ ያለች፣ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ የሰካች ሴት ናት። ጥያቄዋን ደረደረች፤ እኔም እየተረጎምኩ የራሴን «ሳይሆን አይቀርም» ጨመርኩበት። ጉንፋን ይዟት ነበር? ኮቪድስ? ጥርሷን ያማታል? አፏ ይደርቃል? ታጨሳለች? ስኳር አለባት? ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቃለች? ጆሮዋን ታመመች?

«ጆሮ?» አልኩ። ከጆሮ ምን አገናኘው?

ሐኪሟ አስረዳችኝ። ከምላስ ፊተኛው ክፍል ጣዕምን ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ቀጭን ክር ያህል ነው፤ መንገዱም ከጆሮ ታምቡር ጀርባ፣ በመሃል ጆሮ ውስጥ ነው። ጆሮ ሲታመም አፍ ጣዕም ሊያጣ ይችላል። ምላስ ላይ ያሉት ቀማሾችም ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ አይደሉም፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ኖረው ይሞታሉ፣ በቦታቸው አዲስ ይበቅላል። «ጣዕም ጠፋብኝ» ብሎ ከሚመጣው ሰው ብዙው ደግሞ የጠፋበት ሽታ ነው፤ ምላስ ጨውና ስኳሩን ይለያል እንጂ ሽሮን ሽሮ የሚያሰኘው በጉሮሮ ጀርባ ወደ አፍንጫ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ እንጀራ በላሁ፤ ጣዕም በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የነገረኝ አልነበረም። እስክሪብቶዬን ይዤ መጻፉን ረሳሁ። ይህ ሁሉ አፌ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ «ማን ነህ?» ብዬው አላውቅም።

ቀጥሎ ፈተና ሆነ። ሐኪሟ ምንነታቸውን ሳትናገር ጠብታዎች አቀረበች። የሺ የመጀመሪያውን ቀምሳ «ስኳር» አለች። «ጨው፤ ግን እንደ ነገሩ ነው» አለች። «ሎሚ።» አራተኛውን ገና ምላሷ ሲነካ ፊቷን አጨማደደችና «መራራ» አለች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ብልቃጥ ተመልሳ «በዚህ ጠብታ ማንሻ ሎሚ ነክተውበታል፤ በደንብ አልታጠበም» አለች። ተረጎምኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ አወጣች። ነርሷን ጠርታ ጠየቀች፤ እውነት ነበር። ሁለታችንም ያቺን ሴት አየናት። እኔ ይህችን ምላስ ነበር የከሰስኳት።

«እስኪ እርስዎም ይቅመሱ፤ ለማነጻጸር» አለችኝ ሐኪሟ። ቀመስኩ። «ውሃ» አልኩ። ሁለተኛውን ቀመስኩ። «ውሃ።» ሦስተኛውን በጥንቃቄ አጣጣምኩና በባለሙያ ድምፅ «ሌላ ውሃ» አልኩ።

የሺ መሬት መሬት አየች። ሐኪሟ በቅርብ የጀመርኩት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኩ፤ በሙሉ እምነት። ለየሺ ምን እንደተጠየቅኩ ስነግራት «ኧረ ጋሼ!» አለች፤ «በየምሳው ውሃ የማቀርብልዎት ያቺ ነጭ ኪኒንስ?»

ያቺ ነጭ ኪኒን የደም ግፊት ነበረች። ከጀመርኳት ሁለት ወር አልሞላትም። ሐኪሟ ከኪሴ ባወጣሁት ማሸጊያ ላይ ስሟን አየችና የዚህ ዓይነቷ አንዳንድ ሰው ላይ ጣዕም ታጠፋለች አለች፤ በሌላ ቀየረችልኝ፣ በራሴ ፈቃድ መድኃኒት እንዳላቋርጥም አስጠነቀቀችኝ። ግፊቴን ስትለካ ግን ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «ጨው ያበዛሉ?» አለችኝ። እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቱት፦ ግፊቴ ኪኒን አመጣ፣ ኪኒኗ ጣዕሜን ወሰደች፣ የጣዕሜ መጥፋት ጨው አስጨመረ፣ ጨዉም ግፊቴን መልሶ ሰቀለው። ከየሺና ከሮናልድ በቀር ያልተሳሳተ አልነበረም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። እኔ ድንጋይ ሆኜ ጨውን ስወቅስ ከረምኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቆሜ እርማቴን አወጣሁ። ሽሮው ጤነኛ እንደነበር፣ ሕመምተኛው እኔ እንደነበርኩ፣ ሮናልድም ትክክለኛ ምንጭ እንደነበር ተናገርኩ። ተካ እፎይ ብሎ «እኔስ ምን ብዬ ነበር ጋሼ! ጨው በዝቶ አንጀቴን አቃጥሎኝ እኮ ነው» አለና ድግሱን እዚያው ለየሺ ሰጣት። ሮናልድ «ምዜ፣ ነግሬህ ነበር» አለ።

ጣዕሜ የተመለሰው አንድ ጠዋት ናኪቩቦ፣ በታክሲና በሰው ግፊያ መካከል ነው። የተቆረጠ አናናስ ገዝቼ በልማድ ነከስኩ። ጎምዛዛው መጣ። ከዚያ ጣፋጩ ተከተለ፣ ከዚያም ጉሮሮዬን አልፎ አፍንጫዬ ውስጥ አናናስ አበበ። ባለሁበት ቆምኩ። ተሸካሚዎች «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ መንገድ!» እያሉ ይገፉኛል፤ እኔ አልተነቃነቅኩም። የሞቱት ቀማሾች በቦታቸው በቅለው፣ ያ ቀጭን ክር በጆሮዬ በኩል ወሬውን እያደረሰ ነበር። «ስሜት ያሳስታል» ባዩ የእኔ ዓይን እንባ አቀረረ። አናናሱ ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ሰው ሁሉ ጣቱን ይልሳል፤ «ማን ሠራው?» ይላል። የሺ የእኔን ዶሮ ለብቻው በክዳን ሸፍና ራሷ አመጣችልኝና «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብቻ የሠራሁት ነው» አለች። ተካ ከጎኔ ነበር። በተመለሰ፣ በታደሰ፣ በሐኪም በተመሰከረለት ምላሴ ጎረስኩ። ቅመሙ ሁሉ በየተራው መጣ። አንድ ነገር ብቻ አልመጣም። ሐኪሟ ስለ ግፊቴ ያለችውን የሺ አልረሳችም።

ጨው አንሶታል። በዚህ ጉዳይ የያዝኩት የመጀመሪያው የተረጋገጠ እውነት ይኸው ነበር። የሺ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ታየኛለች። ወደ ተካ ዞር አልኩ። ገና አፌን ሳልከፍት «ልክ ነው ጋሼ» አለኝ።

«ግሩም ነው» አልኩ።