አባቴ ሞግዚት፣ እኔ አስተርጓሚ

ጎበዝ፣ ዛሬ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝን ውርደት ብነግራችሁ የያዛችሁት ሻይ አፋችሁ ላይ ይቀራል!

ልጄ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና አለባት። ሳሎን ቁጭ ብላ በስልኳ ትለማመዳለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አንዲት ሴት ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች።

«ቤት ልትከራይ ነው!» አልሁ። ማን ጠይቆኝ!

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «እማ፣ ሴትዮዋ ሕፃናት ለመጠበቅ ሥራ እያመለከተች ነው እኮ።»

ወደ ሽንኩርቴ ተመለስሁ።

ወገኖቼ፣ ይህ ፈተና እኔን ሲያዋርደኝ የመጀመሪያው አይደለም። በዚሁ ጉዳይ፣ በዚሁ በሞግዚት ሥራ፣ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ጉድ ሆኛለሁ። ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። እዚህ ብጽፈው ግን ችግር የለም፤ ፌስቡክ የሽማግሌ ነው ብላ ከተወችው ቆይታለች።

ስሙኝማ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። እናቴ ጡት ሳልጥል ነው ያረፈችው። ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው፣ ሐይቁ ዳር ባለ ደብር መሪጌታ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ለእኔ ሲሆን ግን ልባቸው ቅቤ።

የደብሩ መሬት ከተወረሰ ወዲህ ኑሯችን ሳስቷል። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት።

ዱርቤቴ ያለችው አክስቴ ታዲያ መፍትሔ አገኘች። ባል!

እህል ነጋዴ ነው አለች። በቅሎ አለው አለች። ስለ በቅሎው መልክ፣ አካሄድና ጠባይ ነገረችኝ። ስለ ሰውየው ግን ምንም!

አባቴ ግን፣ «እስከ ጥምቀት ሥራ ካገኘች ልጄን አትንኩብኝ። ካላገኘች እንነጋገራለን» አሏት።

በዚያው ሰሞን ኮሌጁ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የውጭ አገር መምህራን ልጆቻቸውን በአንድ ቤት ሰብስበው የምትጠብቅላቸው ሞግዚት ይፈልጋሉ። የምትቀጠረው እንግሊዝኛ ሰምታ የምትረዳ መሆን አለባት፤ ፈተናውም በቴፕ ነው።

በቴፕ! እኔ በቴፕ የማውቀው ዘፈን ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ የነበሩት ጋሽ ንጉሤ አዘኑልኝ። የራሳቸውን ቴፕና አንድ የመለማመጃ ካሴት አዋሱኝ። ካሴቱ ላይ ጄን የምትባል ልጅ ሞግዚት ለመሆን ስልክ ትደውላለች፤ አንዲት እመቤት ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የሠራችበትን ቦታ ትጠይቃታለች።

እኔና አባቴ ማታ ማታ ቴፑን መሀል አስቀምጠን እናዳምጣለን። እሳቸው አንድ ቃል እንግሊዝኛ አያውቁም። ግን «ብቻዋን አትቀመጥም» ብለው አብረውኝ ይቀመጣሉ።

«አሁን ምን አለቻት?»

«ልጅ አልበላም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ አለቻት፣ አባባ።»

«እሷስ?»

«ተረት እነግረዋለሁ አለች።»

«ጎሽ! አስተዋይ ናት።»

መጨረሻ ላይ እመቤቲቱ «እናሳውቅሻለን» ትላለች፤ ቋ ይላል ቴፑ፤ ያልቃል።

አባቴ ጠበቁ። ቴፑን አዩት። እኔን አዩኝ።

«አሳወቀቻት?»

«ካሴቱ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ አባባ።»

«እንዴት ያልቃል! ልጅቱ ሥራ ትፈልጋለች እኮ!»

በነጋታው ጸሎት ላይ ቆመው ስሰማቸው የእኔን ስም ጠሩ፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «የጄን የክርስትና ስሟ ማን ይሆን?» አሉኝ።

እኔ ምን ላድርግ? ሳቄን በነጠላዬ አፈንሁ። ካሴቱን ግን ከጥግ እስከ ጥግ በቃሌ ያዝሁት። ትንፋሿ ሳይቀር! የት ላይ እንደምትስል ሁሉ አውቃለሁ።

የፈተናው ቀን አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው እስከ ኮሌጁ የመምህራን ግቢ ድረስ ሸኙኝ። «ይግቡና ጥላ ሥር ይቀመጡ» ቢሏቸው «አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል» ብለው ከበሩ ውጭ፣ ሐይቁ የሚታይበት ዋርካ ሥር ቆሙ።

ገባሁ። በአንድ መምህር ቤት ሳሎን ልጃገረዶች ተደርድረን ተቀመጥን። ቴፑ ተሰካ።

መብራት ጠፋ!

በቃ። እዚያ ላይ ሕይወቴ ተበላሸች።

«ችግር የለም፣ አንድ በአንድ በቃል እንጠይቃለን» ተባለ። ጠያቂዋ የቤቱ እመቤት ሚስስ ሊላ ይባላሉ፤ ሕንዳዊት ናቸው፤ ረጅም ጥቁር ጠጕር፣ ደግ ዓይን። ፊታቸው ስቀመጥ በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ አንድ ካሴት ብቻ ነው። ያው ካሴት ደግሞ በራሱ ጊዜ መዞር ጀመረ።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

«ማይ ኔም ኢዝ ጄን።»

የያዙትን ወረቀት አዩ። የተጻፈው ስሜ የውብዳር ነው። እንደገና እኔን አዩኝ።

«ጄን?»

«ይስ!» አልሁ ኮራ ብዬ። አንዴ ተጀምሯል፣ ምን ላድርግ!

የት ሠርተሻል አሉኝ። «ኢን ማንችስተር።» መኪና መንዳት ትችያለሽ አላሉኝም፤ እኔ ግን ተራው ደርሷልና «ይስ፣ አይ ካን ድራይቭ» አልሁ። እንኳን መኪና፣ ባሕር ዳር ተወልጄ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም!

ጄን የምትስልበት ቦታ ደረሰ።

ሳልሁ።

ሚስስ ሊላ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። በክፋት አልነበረም፤ ዓይናቸው ዕንባ እስኪሞላ ነው የሳቁት። ከዚያ እጄን ያዝ አደረጉና «ታንክ ዩ። ዊ ዊል ሌት ዩ ኖው» አሉኝ።

እናሳውቅሻለን።

ይህችን ነገር አውቃታለሁ። ካሴቱ የሚያልቅባት ቦታ ናት።

በዚያች ቅጽበት በቅሎው ታየኝ። የዱርቤቴው በቅሎ፣ ተጭኖ፣ እኔን ሲጠብቅ!

ገና ከወንበሩ ሳልነሣ ከጓዳ የሠራተኛዋ ጩኸት ተሰማ። «ሚኒ! ሚኒ!»

ሚኒ የሚስስ ሊላ ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመት የማይሞላት። ጓዳ ስትጫወት ነበር፤ አሁን የለችም። የግቢው በር ክፍት ነው። ከበሩ ወዲያ ደግሞ ሐይቁ።

ሚስስ ሊላ ጫማቸውን ጥለው ሮጡ። እኔም ሮጥሁ። ልጃገረዶቹ ሁሉ ሮጡ። ጣና እንኳን ለሕፃን ለዋናተኛም አይመለስም።

ከበሩ ወጣን።

አባቴ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። መቋሚያቸው መሬት ላይ ነው። ጥምጥማቸው ተፈትቶ የሚኒ እርጥብ እግር ተጠቅልሎበታል። እሷ ጉልበታቸው ላይ ሆና የግዕዝ ዜማ እያንጐራጐሩላት በእነዚያ ትልልቅ ጣቶቻቸው ጠጕሯን ሹሩባ ይሠራሉ።

እናቴ ስታርፍ የእኔን ጠጕር የሚሠራ ሰው ጠፋ። ጎረቤት ማስቸገር አልወደዱም። ራሳቸው ተማሩ። ደብሩ ውስጥ ሹሩባ የሚያውቅ መሪጌታ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔም ልጅ ሆኜ አፍርበት ነበር።

«ወደ ውኃው ስትወርድ ደረስሁባት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ልጅቱ እንዳትደነግጥ። «እናቷን አትደናገጪ በያት። እግሯ ብቻ ነው የረጠበው።»

ሚስስ ሊላ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ልጃቸውን አቀፉ፣ የአባቴን እጅ ሳሙ፣ አለቀሱ፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ተናገሩ።

«ምን አለች?» አሉኝ አባቴ።

«እግዜር ይስጥልኝ ነው።»

«ይህ ሁሉ ቃል?»

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ አባባ።»

ሚስስ ሊላ ወደ እኔ ዞሩ። አባትሽ ናቸው? ማን አሳደገሽ? አሉኝ። ካሴቴ ላይ የዚህ መልስ የለም። ጄን ስለ አባቷ አንድም ቀን አላነሣችም። ስለዚህ የራሴን እንግሊዝኛ ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም ስብርባሪ ነው። «ማይ ማዘር ዳይ። ሂ ዎሽ ሚ። ሂ ሜክ ማይ ሄር። ሂ ኢት አፍተር ሚ።» እናቴ ሞተች። እሳቸው አጠቡኝ። ጠጕሬን ሠሩኝ። እኔ ከበላሁ በኋላ ነው የሚበሉት።

ሴትዮዋ አባቴን አዩአቸው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሰማሁት፤ በደንብ ገባኝ። ምነው ባልገባኝ!

«ምን አለች?»

«አባባ... ሥራውን እርስዎ ይሠሩልኝ እንደሆነ ነው።»

አያችሁ አይደል! ያን ሁሉ ማታ ያጠናሁ እኔ፣ የሳልሁ እኔ፣ ማንችስተር ደርሼ የመጣሁ እኔ። የተቀጠሩት አባቴ!

አባቴ እኮ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የሚነሣላቸው። ሞግዚት!

እሳቸው ግን ሚኒን አዩ። የጠጕሯ አንዱ ጎን ተሠርቷል፣ ሌላው እንደ ቆመ ነው። «አንቺንስ ያሳደግሁ እኔ አይደለሁ?» አሉኝ። «ማኅሌቴን ሳላጓድል ቀን ቀን እመጣለሁ። ግን የሚሉኝን አልሰማም። እንግሊዝኛውን ማን ያሰማኛል?»

ሚስስ ሊላ ሳቁ። ወደ እኔ ጠቆሙ።

እንዲህ ነው የተቀጠርሁት። የማዳመጥ ፈተና ወድቄ፣ በአዳማጭነት!

አክስቴ ከዱርቤቴ ድረስ መጥታ እዬዬ አለች። «መሪጌታ የሕንድ ልጅ አዝለው! ሰው ምን ይላል!» ሰውማ ብሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «ጓድ መሪጌታ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ይሏቸዋል፤ አባቴም ጓድ የሚለውን እንዳልሰማ አልፈው «ደኅና ናቸው፣ ትንሹ ጥርስ አወጣ» ብለው ይመልሳሉ። ነጋዴው ሌላ አገባ። በቅሎውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

የእኔ ማስተርጐምስ?

ኧረ ተዉኝ።

አንድ ጧት ሚስስ ሊላ ሲወጡ «ስናክ አት ቴን» አሉኝ፤ መክሰስ በአራት ሰዓት ማለታቸው ነው። እኔ የሰማሁት «ስኔክ» ነው።

«አባባ፣ በአሥር ሰዓት እባብ ይመጣል ብለዋል!»

አባቴ ግራ ገባቸው። «ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ እባብ?» ግን እሳቸው በልጅ አይቀልዱም። ሚስስ ሊላ ወደ ማታ ሲመለሱ ልጆቹ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው። የመክሰሱ ብስኩት እንደ ታሸገ ነው። ልጆቹ የበሉት አባቴ ለራሳቸው የቋጠሩትን ዳቦ ቆሎ ነበር።

አልተባረርንም። እንዴት እንዳልተባረርን እግዜር ይወቅ። ልጆቹ ያለ እሳቸው ዜማ አይተኙም ነበር መሰለኝ።

እንዲያ እንዲያ እያልን ሚኒ አደገች። አማርኛዋ የአባቴ አማርኛ ነው፤ «ሄድሁ፣ መጣሁ» የምትል ሕንዳዊት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በደርግ መጨረሻ አካባቢ አገሩ ሲታወክ መምህራኑ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። የእነ ሚኒም ተራ ደረሰ። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሻንጣ ተጭኗል። አባቴ ጧት ከቅዳሴ እንደ ወጡ መጡ። ሚኒን ባረኳት፤ ጠጕሯን ነካ አደረጉ፤ ዞር አሉ። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ስለ ነበር ደረጃውን አላዩትም። ተደናቀፉና በጉልበታቸው ወደቁ።

ሚኒ ከመኪናው ዘላ ወረደች።

«እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!»

ሮጣ ጉልበታቸውን በትንንሽ እጆቿ አሸችላቸው። እሳቸው ስንት ዓመት ልጅ ሲወድቅ የሚሉትን ነው፣ በራሳቸው ቅላጼ። አባቴ መሬት ላይ እንደ ተቀመጡ አቀፏት፤ ማልቀሳቸውን መደበቅ ተዉ።

ሚስስ ሊላም ያለቅሳሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ዋት ዲድ ሺ ሴይ?»

ልጃቸው ምን እንዳለች እኔን ጠየቁኝ። ደመወዝተኛ አስተርጓሚ ነኛ! ሁሉም እኔን ያያል። አባቴ ያያሉ። ሾፌሩ ያያል። እንግሊዝኛዬን ከላይ እስከ ታች በረበርሁት።

«ሺ ሴይስ... ሺ ዎንትስ ቱ ፎል ዳውን።»

መውደቅ ትፈልጋለች!

ሚስስ ሊላ ደንግጠው ልጃቸውን በክንዷ ያዝ አደረጓት። ያዝ እንዳደረጓት መኪናው ውስጥ አስገቧት። ሄዱ። እስከ መታጠፊያው ድረስ በመስኮቱ እንዳየነው፣ እናቲቱ ክንዷን አልለቀቋትም።

ጉዴ ይህ ነው። እስቲ እንግሊዝኛ እናውቃለን የምትሉ፣ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ለዚያች እናት ምን ትሏት ነበር?