በጥቁር ልብስ ልምምድ የወጣሁ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይሞት ለቅሶ ጠራሁ።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። የሚዛን ከተማ ሰው ጨማምሮ ከሚነግራችሁ እኔው ራሴ ፖስት ላድርገው ብዬ ነው።

ባሌ ደረጀ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር። እንጀራችን ከሩጫ ነበር። ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳል፤ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳገቱን ይወጣል። ተመልሶ ይበላል፣ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል። ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን። ሚዛን የማይዘንብበትን ቀን ደግሞ እናንተው ንገሩኝ!

ቤታችን ውስጥ ቅቤ ክልክል። ስኳር ክልክል። ሰርግ ቤት እንኳ ሄደን ሳህኔን እያየ «ይሄ ሁሉ ዘይት የት ሊገባ ነው?» ይለኝ ነበር።

ሯጩ እሱ፣ ጿሚዋ እኔ!

«አንድ ቀን ተነሺና እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኚኝ፤ ከዚያ ላይ ከተማው ሲነጋ ይታያል» ይለኝ ነበር።

ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ ስቤ «ነገ» እላለሁ።

ነገ፣ ነገ እንዳልኩ ታመመ። ሳይሰነብት ሄደ።

ሙት ዓመቱ ደርሷል። ከል ሳላወልቅ ያንን ጫፍ ማየት አለብኝ አልኩ። በእግሬ፤ እሱ በሚያየው ሰዓት። ስልኩ ላይ ያለው አላርም አሁንም ይጮሃል፤ ለማጥፋት እጄ እምቢ ብሎኛል። ዛሬ ሲጮህ ተነሳሁ።

ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። ብርቱካናማውን የሩጫ ጫማውን ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፌ አጠለቅኩ። ነጠላዬ እንዳያደናቅፈኝ ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

እስቲ አስቡት። ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ገና ሳይነጋ፣ እያለከለከች በመንገድ ስትሮጥ።

በእኛ አገር ይሄ ምንድን ነው?

መርዶ!

እኔ ግን የማስበው ትንፋሼን ብቻ ነው። ከኋላዬ «ዋይ! ዋይ!» ስሰማ የሆነ ቤት ሰው ሞቷል ብዬ እኔም ደነገጥኩ።

ለካ ሟቹ የእኔ ነው!

ዞር ስል የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ ይከተሉኛል። ከእሳቸው ኋላ ግማሹ ሰፈር። ሴቶች የጫነ ባጃጅም አለ።

«ማነው የሞተው? እናትሽ ናቸው? ንገሪን እንጂ!»

«ኧረ ማንም! ልምምድ... ልምምድ ላይ ነኝ!»

ደረት መድቃቱ ቆመ።

«ምን ላይ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ልምምድ። እንደ ደረጀ።»

የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «እትዬ፣ ሰው ቱታ ለብሶ ነው እንጂ በከል ይሮጣል እንዴ?» አለኝ።

አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ራሷን ያዘች። «ወይኔ! እኔ እኮ ድንኳኑን ጫኑት ብያቸው ነው የመጣሁት!»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቅርታ ለማለት እንኳ ትንፋሽ አልነበረኝም።

እትዬ አስካለ እንባቸውን ጠረጉ። እኔን አዩ፣ ዳገቱን አዩ።

«በይ፣ ከመጣን አይቀር እንጨርሰው። ቅደሚ።»

ወጣነው! በቡና ተክሉ መሃል አንድ እድር ሙሉ ልምምድ!

ጫፉ ላይ ስንደርስ ከተማው ጉም ለብሷል። ምንም አይታይም። ይሄን ለማየት ነው እንግዲህ!

እዚያ ያገኘናት ቦምቦሊኖ የምትጠብስ ሴት ብቻ ናት። ትኩር ብላ እግሬን አየች።

«ይሄ ጫማ የሯጩ አይደለም እንዴ?»

«ሚስቱ ነኝ» አልኳት።

«ውይ፣ ደንበኛዬ! እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚበላው። ‹ስኳሩን ጨመር አድርጊበት› ይለኛል።»

ስኳር! ዘይት! ደረጀ!

«ሁሌ አንድ ‹ለሚስቴ› ብሎ ያስጠቀልላል» አለች። «ከዚያ ቆይቶ ‹ሽታው ያጋልጠኛል› ይልና እሱንም ይበላዋል።»

እትዬ አስካለ በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቅኩና ሳላውቀው ማልቀስ ጀመርኩ። ሴቶቹ ከበቡኝ። ለዚሁ አይደል የመጡት?

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የድርሻዬን በላሁ። ስኳሩን ጨመር አስደርጌ።

አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ከአልጋዬ ተነስቼ ብሸኘው ኖሮ፣ እጅ ከፍንጅ ይዤው ከዚህ እስከ ቤት ስንጨቃጨቅ እንወርድ ነበር። እንዴት ያለ ጭቅጭቅ ነው ያመለጠኝ!

እስቲ ንገሩኝ፤ አሁን በዚህ ነገር ከማን ጋር ልጣላ?