ሮቦቱ እስኪመጣ

በየሰፈሩ ሳይማር የተመረቀ አንድ ሐኪም አለ። የኛ ሰፈር የለውም እንዳትሉኝ፤ ከሌለ ወይ ገና አልታመማችሁም፣ ወይ ሐኪሙ እናንተው ናችሁ። እንዲህ ያለው ሰው በዕድሜው ራስ ምታት እንኳ ይዞት አያውቅም፤ የሌላውን ሕመም ግን ከታማሚው አብልጦ ያውቀዋል። የት ጋ እንደሚያምማችሁ ሳትነግሩት መድኃኒቱን ይነግራችኋል። መድኃኒታችሁን ያየ እንደሆነ ደግሞ «ይኼን ያዘዘልህ ማነው?» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ እናንተም ዐሥር ዓመት ከተማረው ሐኪም ይልቅ የሱን ራስ መነቅነቅ ታምናላችሁ።

በደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ፕሮፌሰር ይስማው ናቸው። ፕሮፌሰርነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። በጉብዝናቸው ወራት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው፣ ኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈቱ። «ካርድ ላይ ያልተጻፈ በሽታ የለም፤ እኔ ደግሞ ያላነበብሁት ካርድ የለም» ይላሉ። ይህን ማን ይከራከራል?

ምክራቸው ሁሉ «ባጣራሁት መሠረት» ብሎ ይጀምራል። ከማን እንዳጣሩ አይነገርም። ባጣሩት መሠረት ለደም ግፊት የደብረ ኤልያስ ነጭ ሽንኩርት ከይጁቤው ይበልጣል። ባጣሩት መሠረት ለወይዘሮ አመተ ማርያም ጉልበት ዳገት እንጂ ቁልቁለት አይስማማም፤ በዚህ ፍርድ ምክንያት ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው ቁልቁለቱን የኋሊት ወርደው የሰፈሩን ሕፃናት ሁሉ አስከትለው ነበር። ለቅሶ ቤትም ገብተው ሟቹ በምን ሊድን ይችል እንደነበር ለሐዘንተኛው ያስረዳሉ። ልብ አውልቅ ናቸው። ነገር ግን ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሰው አልጋ ያዘ ከተባለ ከቤተ ዘመድ ቀድመው በሩን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው፤ ሆስፒታል ወለል ላይ ካርቶን አንጥፈው ያላስታመሙት ጎረቤት የለም። ይህን ደግሞ የሚክድ ሰው እግዜር ያሳየው።

አሁን የምነግራችሁ ጎረቤታቸው አበባው የደረሰበትን ነው። አበባው የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ ሃያ ስድስት ዓመት ተመላልሷል። ካቻምና ግን መንገድ ላይ መኪና ማቆም አበዛ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ነበር፤ ኋላ ሦስትም አራትም ጊዜ እያቆመ ለሽንት ባሕር ዛፍ ጀርባ ይሰወራል፤ ቶሎም አይመለስም። ተሳፋሪው «ሹፌራችን ዛፍ ተከለ እንዴ?» እያለ ይስቅበት ጀመር። አበባው አብሮ ይስቃል፤ መሪው ላይ ሲቀመጥ ግን ላቡ በጀርባው ይወርዳል። በመጨረሻ ሚስቱ የዓለምዘርፍ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ፕሮፌሰር ይስማውም «ወንድሙ ነኝ» ብለው ተከትለው ገቡ።

ምርመራው ተመላልሶ ሲያልቅ ዶክተር እድላዊት ጉዳዩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። የፕሮስቴት ዕጢ ካንሰር ነው። ገና ከዕጢው አልወጣም፤ ዕጢው በቀዶ ጥገና ከወጣ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ ለሚሠራው ሐኪም የሪፈር ወረቀት ጻፈች። ሳይዘገዩ ይሂዱ አለች። ፕሮፌሰሩ በዚህ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተር፣ ባጣራሁት መሠረት ይኼን ሥራ ሰው ትቶታል። አሁን የሚሠራው ሮቦት ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም፣ አይደክመውም፣ ከቤቱ ተጣልቶ አይመጣም።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ አበባው መለሰች።

«ጋሽ አበባው፣ ሮቦቱ ብቻውን አይሠራም። መሪውን የያዘው ሐኪም ነው፤ እሱ ካላንቀሳቀሰው ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። መኪናው አዲስ ነው ተብለው፣ የዓባይን ቁልቁለት ላልለመደ ሹፌር ነፍስዎን ይሰጣሉ?»

«አልሰጥም» አለ አበባው።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችው። ማሽኑ ጥቅም አለው፤ በትንንሽ ቀዳዳ ስለሚገባ የሚፈሰው ደም ያንሳል፣ በሽተኛውም ቶሎ ከአልጋ ይነሣል። ውስጥ ገብቶ የሚቆረጠው ግን ያው ነው። ማደንዘዣውም ያው ነው። አንዳንዴ ሥራው መሐል ላይ ማሽኑን ትቶ ሆድን መክፈት ግድ ይሆናል። ካንሰሩን ነቅሎ በማውጣት ረገድ ሥራውን የለመደ እጅ ከማሽኑ የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ በሽተኛ መጠየቅ ያለበት «ሮቦት አላችሁ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «አንተ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተኸዋል? እንደኔ ያሉት በሽተኞችህስ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ነው። ሽንት አለመቆጣጠርና የአልጋ ነገር በሁለቱም መንገድ ሊያጋጥም ይችላል፤ ብዙው ሰው እየተሻለው ይሄዳል፤ አይነካዎትም ብሎ የሚምል ካለ ግን አይመኑት አለች።

አበባው ሁሉንም ሰማ። ሞኝ ሰው አይደለም፤ የመኪናውና የሹፌሩ ነገር በደንብ ገብቶታል። ጆሮው ውስጥ የቀረው ግን የመጨረሻው ብቻ ነበር። በስድሳ ሁለት ዓመቱ እንደ ሕፃን የሽንት ጨርቅ ሊታሰርለት ነው? መሪ ላይ ተቀምጦ ሱሪው ሊረጥብ፣ ተሳፋሪ አፍንጫውን ሊይዝበት? ሚስቱ ዘንድስ ምን ሆኖ ሊተኛ? ከሐኪም ቤት ሲወጡ የዓለምዘርፍን ወደ ፊት አሳልፎ ፕሮፌሰሩን በክንዳቸው ሳብ አደረጋቸው።

«ሮቦቱ ያን ነገር አይነካም አይደል?»

ይስማው ወዳጃቸውን አዩት። ዓይኑ ምን እንዲሉለት እንደሚለምን ሳያውቁ አልቀሩም።

«ባጣራሁት መሠረት አይነካም» አሉ። «ደግሞም ወደ አገር ሊገባ ነው።»

በቃ፣ ነገሩ በዚህ አለቀ። ወረቀቱ ከመኪናው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ተሰካ። ሮቦቱ ለእንቁጣጣሽ ይገባል ተባለ። እንቁጣጣሽ ሲያልፍ መርከብ ላይ ነው ተባለ። ለገና ጅቡቲ ደረሰ፤ ለጥምቀት ጉምሩክ ያዘው። ይህን ሁሉ ለፕሮፌሰሩ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ከስልካቸው ያነባሉ፣ ጥቂት ከልባቸው ይጨምራሉ። ሰፈሩም ሮቦቱን እንደ መንገደኛ ዘመድ ይጠብቀው ጀመር። ወይዘሮ አመተ ማርያም ሳይቀሩ «ያ ልጅ ገና አልገባም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

የዓለምዘርፍ ሁለት ጊዜ ሻንጣ አዘጋጀች። አንዴ ጾሙ ይውጣ ተባለች፤ አንዴ ደግሞ ባሏ «ጉምሩክ እስኪለቀው ነው» ብሎ ሻንጣውን ከፍቶ ልብሱን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሰው። እሷ ቆማ ታየው ነበር። ዐሥራ አራት ወር እንዲህ አለፈ።

በዐሥራ አምስተኛው ወር አበባው ጠዋት መሪ ላይ ወጥቶ ፍሪሲዮን ሊረግጥ እግሩን ቢያነሣው አልነሣ አለው። ወገቡን ማመም ከጀመረው ሰንብቶ ነበር፤ የወንበሩ ነው እያለ ትራስ ሲደርብበት ነው የቆየው። ሰው ተሸክሞ አወረደው።

ሦስቱም ተመልሰው ዶክተር እድላዊት ፊት ተቀመጡ። ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ያንን ወረቀት ይዘው ለምን እንዳልሄዱ አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ ይሻል ነበር። አጥንት ውስጥ ገብቷል አለች። ከእንግዲህ በቢላም ሆነ በማሽን ተቆርጦ የሚያልቅ አይደለም። በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፤ በሽታውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ አያጠፋውም። እስከ መቼ እንደሚያቆየው እርግጡን መናገር አልችልም አለች።

ይስማው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

«ሮቦቱ ቢመጣስ?»

«ቢመጣም» አለች ሐኪሟ።

ኮሪደሩ ላይ የዓለምዘርፍ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ጋሽ ይስማው እያለች፣ አንቱ እያለች የኖረች ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ባሌን በወሬ ገደልህብኝ» አለችው።

እኛም አንቱታውን እዚህ ላይ እንተወው፤ ሰውዬው ከዚህ በኋላ የሚሸከመው አይመስለኝም። ይስማው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። አበባው አፉን ከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ወዳጁን ያድነው ነበር፤ አፉን ግን መልሶ ዘጋው። አልጋው ላይ ሲውል ከወገቡ ሕመም ይልቅ ያቃጠለው ይኸው ነው።

ስምንት ቀን አለፈ። አበባው ተኝቷል ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ ጠየቀው፤ ይስማው ግን አልመጣም። ስልኩን ዘግቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ወይ ሙሉ ለሙሉ ይዘጋል፣ ወይ ግማሽ ይከፈታል። ጠያቂዎቹ ደጉን ያወራሉ፤ እግዚአብሔር ይማርህ ብለው ቶሎ ይነሣሉ። ስለ በሽታው የሚያወራ ሰው ጠፋ። አበባው ጣራ ጣራውን እያየ ዋለ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ዝምታ መቃብር ገብቶ የተኛ ያህል ከበደው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ፊቱን ልታጥበው ውኃ ስታቀርብ እጇን ያዛት።

«ይስማው አይደለም» አላት። «ሐኪሟ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ። ያልሄድሁት ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ ወንድ ሳልሆን እቀራለሁ ብዬ ነው። በየጊዜው እየሄድሁ ሮቦቱ የት ደረሰ እለው ነበር። እሱ የምፈልገውን ሰጠኝ እንጂ ምን አደረገ?»

የዓለምዘርፍ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

«ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

አበባው ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ቢያስብበትም መልስ የሚያገኝለት አይመስለኝም፤ ዕድሜውም የቀረው ጥቂት ነው። እሷ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ፊቱን አጠበችው፣ ጋቢውን አለበሰችው፣ በትሩን አቀበለችው። ወዴት ሊሄድ እንደፈለገ አልጠየቀችም።

ከቤቱ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለጤነኛ ሰው አምስት ደቂቃ አይሞላም። አበባው ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ይስማው ከማሽኑ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጺሙ አድጓል። አበባው አጠገቡ ያለ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ትናንትና መርፌውን ተወጋሁ» አለ። «ስንት ጊዜ ያኖረኛል?»

«አላውቅም» አለ ይስማው።

ከተወለደ ጀምሮ ይህን ቃል ሲናገር የሰማው ሰው የለም። አበባው ሐኪሟ አጥንት ውስጥ ገብቷል ስትለው እንኳ እንዲህ አልደነገጠም።

«አላውቅም አበባው። ምንም አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር።»

«እንዳልታውቅ አውቃለሁ» አለ አበባው። «እውነቱን ከሐኪሟ ሰምቼው ነበር እኮ። አንተ ዘንድ የመጣሁት እውነቱን ጠልቼ ነው። ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፤ ካሁን በኋላ በዚህ አትጨነቅ። አሁን ግን ስምንት ቀን ሙሉ የሚያወራኝ አጥቻለሁ። የሚመጣው ሁሉ ሬሳ ያየ ይመስል ዝም ይላል። አንተም ዝም ካልኸኝ አለቀልኝ። እባክህ የሆነ ነገር አውራኝ።»

ከመናኸሪያው ተሳፋሪ የሚጠሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ የይጁቤ መኪና ሊወጣ ነው። ይስማው ቀስ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዲማ አንድ ሰው አለ» አለ። «ይህንኑ መርፌ እየተወጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

አበባው ዲማን ያውቀዋል። የእናቱ አገር ነው፤ ቤት በቤት ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዲማ የለም።

«ስሙ ማነው?»

«ገዳሙ» አለ ይስማው፤ ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

አበባው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ያርሳል?»

«ያርሳል እንጂ።»

«በስንት ጥማድ በሬ?»

ይስማው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ጥቂት አሰበና፣

«በሁለት» አለው።