ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ

አባቶቻችን ሚስት ሳያዩ አግብተዋል። በሬ ግን ሳያዩ አልገዙም። ይህን የምለው ለቀልድ ብቻ አይደለም፤ ይጁቤ ገበያ ወጥታችሁ የከብት ተራውን ብታዩ ትስማሙልኛላችሁ። ገዢው የበሬውን ጥርስ ይቆጥራል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ያስኬደዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሰኮናውን አንስቶ ያያል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላም ገና አልጨረሰም። "ዋስ ጥራ" ይላል። ዋስ ማለት ሻጩን የሚያውቅ፣ ገዢውም መልኩን የሚያውቀው ሰው ነው። ከሻጩ ጎን ይቆምና "አውቀዋለሁ" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወረቀት አያስፈልግም። በሬው የሌባ ከብት ሆኖ ቢገኝ ገዢው ሻጩን ፍለጋ አገር ለአገር አይዞርም፤ ሄዶ የዋሱን በር ያንኳኳል። ዋሱ ሻጩን ያቀርባል፣ ካልሆነለት ይተካል።

እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮሌጅ አስተምራለሁ። የማስተምረው ትምህርት "የኤሌክትሮኒክ ንግድ መግቢያ" ይባላል። እናንተን ክፍያ ሳልጠይቅ ላስተምራችሁ፦ ሻጩ ዕቃውን ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ይለጥፋል፤ ገዢው ቤቱ ተቀምጦ መርጦ ያዝዛል፤ ክፍያው በስልክ ይሄዳል፤ ዕቃው በመኪና ይመጣል፤ በመጨረሻም ገዢው አስተያየቱን ይጽፍና ከአምስት ኮከብ የሚገባውን ይሰጣል። ቀጣዩ ገዢ ያንን አይቶ ይወስናል። መግቢያው ይኸው ነው። መውጫው በትምህርቱ ውስጥ አልተካተተም።

ተማሪ ፊት ቆሞ ያልሞከሩትን ነገር ማውራት ያሳፍራልና እኔም ባለፈው ዓመት ከአንድ የስልክ ገበያ ጃኬት አዘዝኩ። ሻጩ የማይሸጠው ነገር የለም፤ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ምርጥ ዘር። "መልካም አስተያየት ለጻፈ ማድረሻ በነጻ" ይላል። ጻፍኩ። "እጅግ ታማኝ ሻጭ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ" አልኩና አምስቱንም ኮከብ ሰጠሁት። ከጽሑፉ ጎን በምረቃ ጋዋን የተነሳሁት ፎቶ አለ። ልብ በሉ፣ ጃኬቱ ገና አዲስ አበባ ነበር። ደርሶ በለበስኩት በሁለተኛው ቀን ዚፑ ተነቀለ። አስተያየቴን ማረም ይገባኝ ነበር፤ ግን እናንተስ ብትሆኑ ለአንድ ዚፕ ብላችሁ ከማን ጋር ትጣላላችሁ? በመርፌ ቁልፍ ያዝኩትና ተውኩት።

አያ ልየው የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ከሉማሜ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ከባለቤታቸው ከእትዬ ይታይሽ ጋር ስንዴ እያረሱ ይኖራሉ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ስለተማሩ ያነባሉ፤ ስልካቸውም እንደኔው ባለ ትልቅ መስታወት ነው። ዘንድሮ በማኅበር የሚመጣው ዘር ዘገየ። መሬቱ አራት ጊዜ ታርሶ ዝናቡን እየጠጣ ሲጠብቅ ገበሬ ምን ያህል እንደሚጨንቀው ለሚያውቅ አልነግረውም፣ ለማያውቅም ነግሬ አልጨርሰውም። ሉማሜ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያንን የስልክ ገበያ አሳያቸው። አያ ልየው አስተያየቶቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ወረዱ። ሁሉም ያመሰግናል፤ ግን አንዱንም አያውቁትም። ወደ ታች ሲሄዱ የእህታቸው ልጅ በጋዋን ቆሟል።

ጎተራ ውስጥ የነበረውን እህል ሸጠው ዘሩን አዘዙ።

ለምን እንዳልደወሉልኝ ኋላ ጠይቄያቸዋለሁ። "አንተ ከጎኑ ከቆምክ በኋላ ምን ብዬ ልደውል?" አሉኝ። "ዋስን 'እውነትህን ነው ወይ' ማለት እኮ መስደብ ነው።" እኔ ክፍል ውስጥ "የደንበኞች አስተያየት" እያልኩ ሙሉ ሰዓት የማወራበትን ነገር እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል ማለት ነው። ልዩነቱ እሳቸው የምር አድርገው መያዛቸው ነው።

ስንዴው ቀይ ሆኖ መጣ። ምርጥ ዘር ከተባይ እንዲጠበቅ በመድኃኒት ስለሚታሽ ቀለም አለው፤ ገበሬም ያንን ቀለም ሲያይ ልቡ ያርፋል። አያ ልየው ሐምሌ መግቢያ ላይ ዘሩ። የጎረቤት ማሳ አረንጓዴ ሲለብስ የሳቸው እንደ ራሰ በራ ሰው ፀጉር እዚህም እዚያም ብቻ ብቅ አለ። ሁለት ሳምንት ጠበቁ። አፈሩን ጭረው ዘሩን አወጡና በጣታቸው ቢጫኑት ዱቄት ሆነ። ነቀዝ የጨረሰው አሮጌ ስንዴ ነበር፤ ቀለም ተነክሮ ነው የተሸጠላቸው።

ነሐሴ ላይ ላስቲክ ለብሰው በዝናብ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ መጡ። ሻይ ቀርቦላቸው አልነኩትም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ አልተቆጡም።

"ሻጩን አቅርብልኝ" አሉ።

"አያ፣ እኔ እኮ ሰውየውን በዓይኔም አይቼው አላውቅ።"

"ሳታየው ነው የቆምክለት?"

ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቼ አላውቅም።

ሰውየውን ፈለግሁት። ስልኩ ተዘግቷል፤ ሱቅ የለው፣ አድራሻ የለው። የሽያጭ ገጹ ግን አለ። "ይህ ሰው ሌባ ነው፣ የዘመዴን ዓመት በላ" ብዬ ጻፍኩበት። በማግስቱ አዲሱ ጽሑፌ ጠፍቶ አገኘሁት። አሮጌውን ግን ሰውየው አልነካውም፤ "ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ" ከነኮከቡ፣ ከነጋዋኑ እንዳለ አለ። እኔ ለማጥፋት ብሞክር፣ ሰውየው ከገጹ ስላገደኝ እጄ አይደርስበትም። ለአያ ልየው ብር ልስጥዎት ብላቸው "ነሐሴ ላይ ብር አይዘራም" ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እቤታቸው ሳልሄድ ቀረሁ። ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ መንገዱ አያስተማምንም አልኩ፤ እውነቱ ያንን ባዶ ማሳ ማየት ፈርቼ ነው። ጥቅምት ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአህያ አስጭኜ ሄድኩ። ሌላው ማሳ ዛላ ይዟል፤ የሳቸው አረም ብቻ ነው። እትዬ ይታይሽ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብለው በገበቴ አንዳች ነገር ያጥባሉ። ጠጋ ስል ውሃው ቀይ ነው። ሳይዘራ የተረፈው ዘር ነበር።

"አራተኛ እጥበቴ ነው" አሉኝ። "ቀለሙ ግን አልለቅ አለ። አንተ የተማርክ ነህ፤ ይበላል?"

እስቲ እናንተ መልሱ። ሻጩ "በመድኃኒት የታሸ ነው" ብሏል። እውነቱን ከሆነ መርዝ ነው፣ አራት ቀርቶ አርባ ጊዜ ቢታጠብ አይበላም። ከዋሸ ደግሞ ተራ ቀለም ይሆናል፣ ምናልባት ሆድ ቢያጉረመርም ነው። በሕይወቴ አንድ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ውሸታም እንዲሆን የተመኘሁት የዚያን ቀን ነው። ይህን ሁሉ ሌብነት ሠርቶ በዚያች ቃል ብቻ እውነት ተናግሮ እንደሆነስ ብዬ ፈራሁ።

"አላውቅም" አልኩ። "እንዳትነኩት፣ ይቀበር። ጤፍ ይዤ መጥቻለሁ።"

እትዬ ይታይሽ እጃቸውን ከገበቴው አውጥተው በቀሚሳቸው አደረቁ። ጤፉን ዘወር ብለውም አላዩት።

"ከትናንት ወዲያ ንፍሮ አድርገን በልተናል" አሉ። "የጠየቅሁህ 'ይበላል' ብለህ እንድታሳርፈኝ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል።"

ሉማሜ ጤና ጣቢያ ሦስታችንም ሄድን። እትዬ ይታይሽን ጤፉን ባመጣችው አህያ ላይ አስቀምጠን፣ እኔ አንድ እፍኝ ስንዴ በመሐረብ ቋጥሬ፣ አያ ልየው ከፊት ከፊት አህያዋን እየሳቡ። ጤና መኮንኑ ትሑት ልጅ ነው፤ ቶሎ አስገባን። እትዬ ይታይሽን አልጋ ላይ አስተኝቶ ሆዳቸውን ነካካ፣ ዓይናቸውን ገልጦ አየ። ከዚያ መሐረቡን ፈታና ስንዴውን አሸተተ።

"በምን መድኃኒት ነው የታሸው? ካላወቅን ለማከም ይቸግራል።"

አናውቅም አልነው።

"ከረጢቱ ላይ ምን ይላል?"

ምንም አይልም አልነው።

"እንግዲያው ሻጩ ይጠየቃ። ከማን ነው የገዛችሁት?"

ማስረዳት ጀመርኩ። ሻጩ ፎቶ እንደሚለጥፍ፣ ገዢው እንደሚያዝዝ፣ ሁለቱ እንደማይተያዩ። አራት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ስለሆነ አንደበቴ አልተያዘም። ልጁ ስክሪብቶውን ይዞ የሚጽፈው ስም ይጠብቃል። አያ ልየው አልጋው ጎን ቆመው የሚስታቸውን እጅ እንደያዙ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ በሌላኛው እጃቸው አመለከቱኝ።

"ከእሱ ነው" አሉ።

ልጁ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት፣ ጻፈው።