የውሃ ጎማው ጫፍ የተቆረጠበት ታላቅ ቀን

ታሪክ የሠሩ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። የእኛን የሚስተካከል ግን የለም፤ እኛ የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ጫፍ ጠግነናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለው የውሃ ጎማ ቧንቧው ላይ የሚሰካበት ጫፉ ተሰነጠቀ። አትክልተኛዋ ቧንቧውን በከፈተች ቁጥር ውሃው እዚያው ይረጫል እንጂ ወዲያ አይሻገርም። በገዛ እጇ አፍልታ አጥሩ ሥር የተከለቻቸው የአበባ ችግኞች አንገታቸውን ደፉ። ሆዷ አልችል ቢላት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ችግኞቼ ሊሞቱብኝ ነው። አንድ ሰው ጫፉን ቆረጥ አድርጎ ይሰካልኝ።»

«ቆረጥ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ የሥራ አስኪያጃችን ዓይን በራ። ሰውየው በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ ሪባን ቆርጠው አያውቁም። የሚመረቅ ነገር ሠርተን አናውቅማ!

ወዲያው ሥራ ቆሞ ሁላችንም ግቢ ወጣን። ወንበር ተደረደረ፤ ድምፅ ማጉያ መጣ።

«ይህ ጥገና» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ «የተቋማችንን ውሃ የማስተላለፍ አቅም ከማጎልበት አኳያ የማይተካ ሚና የሚጫወት ሲሆን...»

ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ግማሾቻችን ጥላ ፍለጋ ተበትነን ነበር። በመጨረሻ መቀሱን አንስተው የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆረጡት። አጨበጨብን። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ እኛ ግን በትንሽ ነገር የምንረካ ሰዎች አይደለንም።

ምክትላቸው ጎንበስ ብለው አዩት። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ትንሽ ጠመም አላለም? ላስተካክለው እንዴ?»

አስተካከሉት። አጨበጨብን። የሰው ኃይል ኃላፊዋ በቆረጣው ሴቶች አለመወከላቸውን በምሬት ገልጸው ቆረጡ። የሕዝብ ግንኙነቱ ፎቶው ስለደበዘዘበት ሥራ አስኪያጁ እንደገና ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ተራ ያልደረሰው ሰው ቅር አይለውም ትላላችሁ? ለእኔም ደርሶኛል፤ ደህና አድርጌ ነው የቆረጥኩት።

«ኧረ ጎማው እያለቀ ነው!» አለች አትክልተኛዋ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፕሮግራም አታበላሺ!» አሏት ምክትሉ።

የተረፈው ቁራጭ ተሰካ፤ ጎማውን ከቧንቧው ጋር አንቆ የሚይዘው ፋሸታም ጠበቀ። ቧንቧው ሲከፈት የተጠገነው ጫፍ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። ውሃው ክንድ በማትሞላው ጎማ ውስጥ ያለ አንዳች እንከን አልፎ ሥራ አስኪያጁ ጫማ ላይ ወረደ።

«ይኸውላችሁ!» አሉ እግራቸውን እያራገፉ። «ማፍሰስ ድሮ ቀረ!»

«ችግኞቹስ፣ ጌታዬ?»

«እነሱስ ወደ ውሃው ጠጋ የማይሉት ለምንድን ነው? የተነሳሽነት ችግር አለባቸው።»

ይህም ተጨበጨበለት።

አትክልተኛዋ ክርክር ውስጥ አልገባችም። ከዕቃ ቤት አንድ ያረጀ ባልዲ አውጥታ ሞላችና ወደ አጥሩ ተጣደፈች። መንገድ ላይ ሥራ አስኪያጁ አስቆሟት።

«ቆይ እስቲ... የባልዲው እጀታ ተላቅቋል ልበል?»

ምክትሉ መቀሱን አነሱ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። እኛም እጃችንን ለጭብጨባ አዘጋጀን።

«ምንም አልሆነም፣ ጌታዬ! ደህና ነው! በጣም ደህና ነው!» አለችና ባልዲውን ደረቷ ላይ አቅፋ ሮጠች። እጀታው ተገንጥሎ ከኋላዋ ወደቀ፤ ዞራ እንኳ አላየችውም።